በባቡሯ ጣሪያ ላይ ያለችው አውራ ጣት

ጁባ፣ ካቶር ገበያ ሎሚ የምትሸጥልኝ ሴት ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ሎሚ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝና «ሌሙን ታማም፣ ማማ» ብላ በአረብኛ ሎሚዋን አሞግሳ ሳትጨርስ፣ እኔ በሐሳቤ ከተማዋን ጥዬ ድሬዳዋ፣ አባቴ የሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ደርሼ ነበር። ሎሚውን የፈለግኩት ለሻይ አይደለም። ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ቤቴ መስኮት ላይ የማስቀምጣት የነሐስ ባቡር በጁባ ወበቅ ጠቁራ፣ አረንጓዴ ቀለሟም እየተላጠ ስላሳዘነችኝ፣ አጥቤ አዲስ ቀለም ልቀባት ቆርጬ ነው።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ከነሐስ ቁርጥራጭ ክንድ የማትሞላ ባቡር ይሠራና ቅዳሜ ቅዳሜ ለቀለም ያዘጋጃታል። መጀመሪያ ጥቁረቷ እስኪለቅ በሎሚና በጨው ያሻታል፣ ከዚያ በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ ያጥባታል፤ ብሩሹ የማን እንደነበረ አንጠይቅም። ስትደርቅ ቀለሙ እንዲይዝላት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ ያደርጋታል። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፣ እሱም በንጹህ ጨርቅ ነው የሚይዛት፤ ቅባት ያለው ጣት ካረፈባት ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይላጣል።

ችግሩ ቅዳሜ እናቴ ጸጉሯን ቅቤ የምትቀባበት ቀን መሆኑ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ በጆሮ ግንዷ ሲወርድ በእጇ ትጠርገዋለች፣ በዚያው እጇ የበሩን እጀታ፣ የእኔን ጉንጭ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትነካለች፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ደግሞ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። አባቴ ባቡሯን ወንፊት ቢደፋባት እንኳ ወንፊቱን ታነሳዋለች።

«አንቺ ሴት፣ ዛሬ እንኳ ተያት» ይላታል።

«ላያት እንጂ ልበላት መሰለህ?» ትለዋለች፣ ባቡሯን ወደ ብርሃን አንስታ።

ከተቀባች ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ላይ ቀለሙ በአውራ ጣት ልክ ይላጣል፣ አባቴም እየተነጫነጨ እንደገና ከሎሚው ይጀምራል። እኔ በሆዴ የእናቴ ደጋፊ ነበርኩ፤ ቤታችን እንዲያ ሲንጫጫ ደስ ይለኝ ነበር።

ለሥራ ወደ ጁባ ስመጣ አባቴ የሰጠኝ ባቡር የመጨረሻው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሌላ አልሠራም።

ሎሚውን ቆርጬ ጨው ነሰነስኩና ከመንኮራኩሮቿ ጀመርኩ፤ ነሐሱ እየፈካ ሲመጣ ብቻዬን ሳቅኩ። ጣሪያዋ ላይ ስደርስ ግን፣ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ የአውራ ጣት መስመሮች ነሐሱ ላይ ጠቁረው ቁጭ ብለዋል። ለአባቴ ደወልኩ፤ ጆሮው ደከም ስላለ እየጮህኩ፣ አዲሱ ቀለም እንዳይላጥብኝ ይህን በምን ላጥፋው አልኩት።

«ያቺን ቦታ እንዳትነኪያት» አለኝ። «የእናትሽ ጣት ነው፤ እኔም ስቀባት አይቼው ነው የተውኩት።»

ባቡሯ አሁን አዲስ አረንጓዴ ለብሳ መስኮቱ ላይ ናት፤ ከጣሪያዋ አንዲት ቦታ ብቻ ሳትቀባ ቀርታለች። እናቴ ናፍቃኛለች፣ ያ ሁሉ የቅዳሜ ጫጫታም ዛሬ በአውራ ጣት ልክ ቦታ ላይ ቀርቷል። አቧራዋን ስጠርግ አባቴ እንዳስተማረኝ በንጹህ ጨርቅ ነው የምይዛት፣ በባዶ እጄ አልነካትም።