መብራት ጠፍቷል

ኤሌክትሪሻን ለመሆን ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የአምስት ሳምንት ኮርስ ነው፤ ሲያልቅ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሌላው አራት ዓመት ይፈጃል፤ በሳምንት አራት ቀን ከባለሙያ ጋር ሥራ፣ አንድ ቀን ኮሌጅ። ሁለቱም ተቀብለውኝ እስከ ሰኞ መልስ ይጠብቁ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከቪዲዮና ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ብዙ ተምሬያለሁ፤ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም ትርጉም በቃሌ አውቃለሁ። አራት ዓመት ምን ይጨምርልኛል ብዬ በልቤ አምስቱን ሳምንት መርጬ ነበር።

ቅዳሜ እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው የቀድሞ ጎረቤታችን ናቸው፤ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሂትሮው አየር ማረፊያ የጥገና ኤሌክትሪሻን የነበሩ። የሳሎናቸው ሶኬት ተሰንጥቆ «ና ቀይርልኝ፣ እግረ መንገዴን እጅህን ልየው» ብለውኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ያለውን የብሬከር ሳጥን ከፍቼ አንዱን አወረድኩ። የሳሎኑ አምፖል ጠፋ። ተመልሼ ተንበረከክሁና የሶኬቱን ክዳን ፈታሁ።

«ዝግጁ ነህ?» አሉኝ ከሶፋቸው።

«አዎ ጋሼ፣ መብራት ጠፍቷል።»

«እጅህን አንሳ!»

ተነሥተው የኤሌክትሪክ መሞከሪያቸውን አቀበሉኝ። ሁለቱን ጫፎች ሽቦዎቹ የታሰሩባቸው ብሎኖች ላይ ሳሳርፍ ቀይ ምልክት በራ። ሲጮሁብኝ ጣቴ ከብሎኑ የራቀው የሩዝ ፍሬ ያህል ነበር።

«መብራቱማ ጠፍቷል» አሉ። «ኤሌክትሪኩን ማን አጠፋው? አዲስ አበባ ያለህ መሰለህ እንዴ፣ መብራት ሄደ ሲሉህ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም አብሮ የሚሄድበት?»

ያወረድኩት የአምፖሎቹን መስመር ብቻ ነበር፤ የሶኬቶቹ ብሬከር ሌላ ነው። ይህን አንብቤዋለሁ፤ ብጠየቅ እመልሰው ነበር። እጄ ግን ያሰበው በአማርኛ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ...»

«እኔም ነዝሮኝ ነው የተማርኩት። ቪዲዮህ ላይ ያለው ሰውዬ ሲሳሳት ቆርጠው ያወጡለታል። ያንተን ማን ያወጣልሃል፣ ኢንጂነር?»

ሳቁብኝ፤ ግን ሥራውን አልነጠቁኝም። መሞከሪያውን መጀመሪያ የራሱ ብሬከር ባለው የወጥ ቤት ሶኬት ላይ እንድሞክር፣ ትክክለኛውን ብሬከር አውርጄ ሳሎን እንድፈትሽ፣ ከዚያ ተመልሼ ወጥ ቤት መሞከሪያው አሁንም መሥራቱን እንዳረጋግጥ አደረጉኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። አዲሱን ሶኬት የገጠምኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ ስለነበር ፈትቼ አስተካከልኩት።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ሰርተፊኬት አልነበረም። በትክክለኛዋ ሰከንድ «እጅህን አንሳ» የሚል ሰው ከጎኔ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገኝ ነበር። አምስት ሳምንት አልበቃኝም። ሰኞ ጠዋት ለአራቱ ዓመት እሺ ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጋሼ አሁንም እሑድ እሑድ ይደውሉልኛል። ሰላምታቸው አንድ ነው፦

«መብራት አለ?»

«ልፈትሽና ልንገርዎ» እላቸዋለሁ።