አብዮቱና የእማማ ባዶ ወንበር

በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጡት ጎረቤታችን እማማ አንድ ቅዳሜ ቀራንዮ ለቅሶ ሄደው ከክፍል ቀሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያን ዕለት ሊጎበኘን መጥቶ ባዶ ወንበራቸውን አየ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ጣቱን እሳቸው ላይ ቀሰረ።

«ዛሬ አንድ ሰው ይቀራል። ነገ ጎረቤቱ ይቀራል። ከነገ ወዲያ ክፍሉ ይዘጋል፣ መሃይምነት ይመለሳል፣ አብዮቱ ይቀለበሳል!»

ከአንድ ለቅሶ ተነስቶ አብዮት መቀልበስ ላይ ደረሰ፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያመጣ ግን አልነገረንም። ማንም አልጠየቀውም። አጨበጨብን። እኔም አስተማሪው አጨበጨብኩ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ ባለፈው ወርም ሁለት ቅዳሜ ቀርቻለሁ። ጎረቤቴም አልቀረች፣ ክፍሉም አልተዘጋ፣ አብዮቱም ይኸው አለ።»

ክፍሉ ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ የስም መጥሪያውን ደብተር ተቀበለኝ። ሪፖርታችን እንዲያምር ብዬ ቀሪ ሰው መመዝገብ ካቆምኩ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ በደብተሩ ባለፈው ወር ገጽ ላይ እማማ አንድም ቀን አልቀሩም።

ሊቀመንበሩ ገጹን አይቶ ፊቱ በራ። ደብተሩን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«ይኸው! አብዮቱ ያልተቀለበሰው እኮ እማማ ስላልቀሩ ነው!»

እማማ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ አጨበጨብኩ።