ለጎረቤት የተመረቀው የውሃ ተራ

ሙዝ ነጋዴ ነኝ። አርባ ምንጭ ላይ ጥሬውን ገዝቼ በኢሱዙ ወደ አዲስ አበባ እጭናለሁ። የተማርኩት መናኸሪያ ነው፤ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ትምህርት አዲሱን ሳትጨብጥ አሮጌውን አትልቀቅ የሚል ነው። ይህን ለስንቱ መክሬያለሁ። ለባለቤቴ አባት ግን ተቃራኒውን መከርኩ።

የሳቸው ሙዝ ወደ ላንቴ ከሚወስደው መንገድ በታች ነው። በበጋ የሚያጠጡት ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ተራ ነበራቸው። ከአባታቸው የወረሱት ተራ ነው። ያለሱ ሙዙ አንድ በጋ አይዘልቅም።

አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ድርጅት መጣ። የሆቴሉንና የሰፈሩን ፍሳሽ ሰብስቦ፣ በኩሬ አጣርቶ፣ በቱቦ ለማሳ ሊሰጥ። ስብሰባ ላይ አንድ ገበሬ ተነስቶ፣ "እኛ የላክነውን መልሳችሁ ልታበሉን ነው?" አለ።

ቀበል አድርጌ፣ "ፍጉን ሙዝህ ሥር ስትከምር ላሟን አስፈቅደሃት ነው?" አልኩት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የድርጅቱ መሐንዲስም ለናሙና ካመጣው የተጣራ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ጭልጥ አደረገው። ዓይኔን ከጉሮሮው ላይ አልነቀልኩም፤ በእርግጥ ዋጠው። ሁላችንም የጠረጠርነው ውሃውን ነበር። ድርጅቱን የጠረጠረ ማንም የለም። አማቴንም ቱቦውን እንዲያስገቡ መከርኳቸው።

ቦዩን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሕጉን ነገረን፤ ከቱቦ የሚጠጣ ማሳ ከቦይ አይጠጣም። የአማቴ ተራ በቦዩ ጫፍ ላይ ላለው፣ ውሃ ሳይደርሰው ለሚያልቅበት ጎረቤታቸው እንዲሰጥ ተባለ። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ጠዋት አማቴ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

"ለጊዜው ነው ልበል እንዴ?"

"ኧረ አባባ! ሽማግሌ ፊት ለጊዜው ይባላል? ስስታም ይሉዎታል።"

"እሺ። ነጋዴው አንተ ነህ።"

እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተራቸውን ሰጡ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁ። በጋሞ እንዲህ የተሰጠ ቃል ወደ ኋላ አይመለስም። ማፍረሱ ጎሜ ነው፤ መዘዙ የአፍራሹን ልጅና ከብት ይከተላል።

የቱቦው ውሃ ሁለት በጋ አጠጣ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ሙዝ ጭኜ አላውቅም። ከዚያ ፓምፑ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ማረፍ ጀመረ። መለዋወጫው ጉምሩክ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ሄደ፤ መሐንዲሱ ለሥልጠና ሄደ፤ አንድ ጠዋት ብደርስ ፓምፑም ሄዷል። የቀረው ዘበኛው ብቻ ነበር።

"አንተ ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እንቁራሪት ወደሚንጫጫበት ኩሬ በአገጩ አመለከተኝ። "እነሱን" አለ።

በቀጥታ ጎረቤትየው ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም። "እሳቸው በአፋቸው ይጠይቁኝ እንጂ እመልሳለሁ" አለኝ። እንደ ድል አድራጊ ወደ አማቴ ገሠገሥኩ። የደረቀ የሙዝ ቅጠል እየመለመሉ ነበር።

"አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግብዎ።"

"አንዱን ቃል ሰጥቻለሁ። ሌላ የለኝም።"

"ሰውየው ፈቅዷል እኮ!"

"እሱ ይፍቀድ። ጎሜው ግን የሚመጣው በእኔ ዘር ነው። የልጅ ልጆቼ ያንተ ልጆች ናቸው። በነሱ ላይ ላምጣው?"

እኔ የከተማ ሰው ነኝ፣ በጎሜ አላምንም። ግን ልጆቼን ዋስ አድርጌ አያታቸውን "ግድ የለም" ማለት አልቻልኩም። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ብቻ ባልከለክላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ ባልመጣ ነበር።

በዚያ በጋ ሙዛቸው ወገቡ እየተሰበረ ወደቀ። ግንዱን እየቆረጡ ለከብት ሰጡት።

የጎረቤትየው ሙዝ ሲደርስ የሚገዛው እኔው ሆንኩ፤ ነጋዴ ደረቅ ማሳ አይጭንም። መንገድ ዳር ስንጭን አማቴ መጡ። ለሁሉም ሰላምታ ሰጡ። ከተከመረው አንዱን ዘለላ በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑት።

"ከባድ ነው" አሉ።

"ከባድ ነው፣ አባባ።"

ወደ ላይ አቀበሉኝ። "ጫነው እንግዲህ፣ ፀሐይ ሳይመታው።"

ተቀብዬ ጫንኩት።