የመምሬ ደሳለ ስልክም ይጾማል

መምሬ ደሳለ ስልክ ይጠላሉ የሚል ሰው ካለ፣ አያውቃቸውም። ከአሸተን ማርያም መውጫ በታች ያለችው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሆነው በቆዩባቸው አሥራ አራት ዓመታት፣ እንደሳቸው ስልክ የወደደ ካህን ላስታ ላይ አልታየም። ከቅዳሴ ሰዓት በቀር ከጆሯቸው አይወርድም ነበር።

ያን ልማድ የሰበረው አንድ ቅዳሜ ነው። በገበያው መንገድ ሲያወሩ መጥተው ገና መጨረሳቸው ነበር፤ ዓይናቸው የደከመው እማማ ማሚቱ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብለው ዝቅ አሉ። መምሬም ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበርና በመስቀሉ ፈንታ በእጃቸው የያዙትን ስልክ ዘረጉላቸው። እማማ ማሚቱ ግንባራቸውን አስነኩ፣ ሳሙ፣ አሜን ብለው ሄዱ።

መምሬ የሆነውን ሲያውቁ መስቀሉ ገና በኪሳቸው ነበር። ተከትለው ደርሰው እውነቱን ተናግረው ይቅርታ ቢለምኗቸው፣ አሮጊቷ «መስቀሉ ዛሬ ለምን ሞቀ ብዬ ነበር እኮ» አሏቸው። ሳቅ አልመጣላቸውም፤ በሃፍረት ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ከንጋት እስከ ማታ ስልካቸው ይጠፋል። ሆድ ጾሞ ጆሮ ሲበላ የሚውልበት ምክንያት የለም ይላሉ። ሰው ቢሞትስ ብሎ የጠየቃቸውን ሁሉ፣ ከስልክ በፊትም ሰው ይሞት ነበር፣ ሳይቀበር የቀረም የለም ይሉታል።

አንድ ዓርብ ግን የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ ባለሆቴሉ አቶ ሙሉሃብት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልልቅ እንግዶች ይዞ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኗ በር ተዘግቷል። ደወለ፣ ደወለ፣ አፍሮ ተመለሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤውን ሰብስቦ መምሬን የት እንደነበሩ ጠየቃቸው።

«እዚሁ ውስጥ፣ ዳዊት እየደገምሁ» አሉ። ከበሩ እስከዚያ አርባ እርምጃ አይሞላም። «አሥራ አንድ ጊዜ ደውለህልኛል፣ ማታ አየሁት። አንድ ጊዜ ብታንኳኳ እከፍትልህ ነበር።»

አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸሸገ። ሙሉሃብት ግን የሚያፈገፍግ ሰው አይደለም፤ ወይ ስልኩን ሳምንቱን ሙሉ ይክፈቱ፣ ወይ የአስተዳዳሪነቱን ማኅተም ያስረክቡ አለ። ከጉባኤውም የተቃወመው አልነበረም።

መምሬ ሹመታቸውን ይወዱት ነበር። ሲገቡ ሰው ሲነሣላቸው፣ ባለቤታቸው ይማርሽ በየድግሱ ከፊት ስትቀመጥ ደስ ይላቸዋል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ቢሆንም ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይኸው። ማኅተሙን ሰው ሰጠኝ፣ ሰው ይውሰደው። ረቡዕንና ዓርብን የሰጠኝ ግን ሰው አይደለም።»

ሌላ አስተዳዳሪ ተሾመ። አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የቢሮው ሰው፣ ቀን ከሌት ሲደውል የኖረው ሁሉ በሁለት ሳምንት ቁጥራቸውን ረሳ። መምሬ አንዳንዴ ተበላሽቶ ይሆን እያሉ ስልኩን አንሥተው ያዩታል። ይህ ነገር ከነከናቸው፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ስልኩን አንሥተው ሲያጠፉት ይማርሽ አየቻቸው።

«እንግዲህ ማን ይደውልልኛል ብለው ነው?» አለች፣ እያዘነች።

«ድሮስ የማጠፋው ለደዋዩ ብዬ ነበር?» አሏትና ለኪዳን ጸሎት ወጡ።