አስተማሪ አይጣልም

ሰው ፊት ፈሪ ተብያለሁ። ያለኝም ፊደል ያስቆጠረኝ መምህሬ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ኦስሎ፣ ትቬይታ የገበያ ማዕከል፣ የቴሌቪዥን መሸጫው መስኮት ላይ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን ራግቢ ሲጫወቱ አየሁና ንዴቱ እንደ አዲስ መጣብኝ።

ጋሽ ኤቫን በወጣትነታቸው ለአገራቸው ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወቱ፣ ኖርዌጂያዊት አግብተው ኦስሎ የቀሩ አስተማሪ ነበሩ። ሌላው ተማሪ «ኤቫን» ይላቸዋል፤ የእኔ አፍ አልታዘዘም። ጠዋት ለእኛ ለስደተኞች ማንበብ ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሊንደበርግ ሜዳ ላይ ራግቢ ያሠለጥናሉ። እኔ ጉልበት እንጂ ፊደል አልነበረኝም። ሁለቱም ቦታ ተከተልኳቸው።

ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣ ሣሩ ጭቃ ሆኗል። ስዊድን ሄዶ የሚጫወተው ቡድን ይመረጣል፤ እኔም ከዚያ በላይ የምመኘው አልነበረኝም። ፈተናው ኳስ የያዘውን ሰው ወገቡን አቅፎ መጣል ነው። ተራዬ ሲደርስ ኳሷን ይዘው የሮጡብኝ ራሳቸው ጋሽ ኤቫን ሆኑ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሽበታም! መንገድ ለቀቅኩላቸው፤ ጎንበስም ያልኩ መሰለኝ።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

«ፈርተሃል» አሉኝ። «ፈሪ ይዤ ስዊድን አልሄድም።»

ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?

ወሬው የምኖርበት ሰፈር፣ ቬስትሊ ድረስ ቀድሞኝ ገባ። አብሮኝ የሚኖረው ተስፋዬ ምስር ወጡን እያማሰለ፣ «ጃ፣ አዎ ጀግናው! ሽማግሌ አባረረህ አሉ» አለኝ።

«ዝም በል፣ እጥልሃለሁ!»

«እኔንማ ትጥላለህ፤ ገና ጡረታ አልወጣሁ!»

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «በእኛ አገር አስተማሪ አይጣልም። ፊደል ያስቆጠረ አባት ነው። ፈሪ ግን አይደለሁም።»

«ሰው ፊት ነው ያልኩህ፤ ቃሌን የማነሣውም ሰው ፊት ነው» አሉ ጋሽ ኤቫን።

ቅዳሜ ተጫዋቹን ሁሉ ሰብስበው የነገርኳቸውን ነገሯቸው። «ሳልጠይቅ ፈረድኩበት» አሉ። ከዚያ ኳሷን አቅፈው መጡብኝ።

«ይቅርታ ጋሼ!» ብዬ ጮኼ ጣልኳቸው።

አልተነሡም። ገደልኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ ከጭቃው ውስጥ፣ «ኔይ፣ አይ! ስዊድኖቹንም ይቅርታ ልትጠይቅ ነው?» አሉ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ዳቦ በቡናማ አይብ አካፈሉኝ፤ ከረሜላ እንጂ አይብ አይመስልም፣ ግን በላሁት። ስዊድንም ሄድኩ።

ቂመኛ ነኝ፤ አልዋሽም። በዕድሜዬ ሰው ፊት ያዋረደኝ ብዙ ነው። ሰው ፊት ቆሞ የመለሰልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ንዴቱ አንዳንዴ ብቅ ቢልም የእሳቸውን ሒሳብ ዘግቼዋለሁ። የተዘጋውም ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው።