አባባ ፒዮ የሰጡኝ አገር

ልጅ ሳለሁ አገር በነጻ አይገኝም ነበር። መጀመሪያ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ የተጠየቀው ሰው መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም ከሚያውቃቸው አገሮች አንዱን ይሰጣል፤ አሸናፊው ደግሞ ተነሥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እዚያ አገር ሄጄ ምን አጥቼ!» እያለ የበላውንና ያየውን በመዘርዘር ተሸናፊውን ያስቀናዋል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት እኔ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን ከእናቴ ወስጄ ጨርሼ ነበር። የምትሰጠኝ ሲያልቅባት ሞንትቤሎን ሰጠችኝ። ሞንትቤሎ አክስቴ የምትኖርበት ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄድበትን ቦታ «ሄጄ ምን አጥቼ» ብል ማን ይቀናብኛል?

ስለዚህ ያልተነካ አገር ያለው ሰው ሳገኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ያኔ የምንኖረው ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ባለ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ታችኛው ወለል ላይ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ኤርፖርት ይሠራል፤ እናቴ ደግሞ በየቤቱ እየሄደች አዛውንቶችን ትንከባከባለች። ከምትንከባከባቸው አንዱ ከእኛ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ሚስተር ፒዮ ነው። እናቴ ግን አባቷን የሚያህል ሰው «ሚስተር» ብሎ መጥራት ከአፏ አልወጣ ብሏት አባባ ፒዮ አለቻቸው፤ እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ በሌላ ስም ብንጠራቸው አቤት የማይሉ ሆኑ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ምሳቸውንም እራታቸውንም የምታዘጋጀው፣ መድኃኒታቸውን ለይታ የምትሰጣቸው እሷ ናት። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ደረጃውን ወጥቼ እሳቸው ቤት እገባለሁ።

ገጣሚ መሆናቸውን እናቴ የነገረችኝ፣ የሰው በሽታ እንደሚነገር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። እሑድ እሑድ የሚመጡት ኮሪያውያን ግን ነገሩን እንደዚያ አላዩትም። ፍራፍሬ በሳጥን ይዘው ይመጣሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የጻፏቸውን አምስት ቀጫጭን መጻሕፍት እየገለጡ ይጠይቋቸዋል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ ብዙም አይመልሱም።

በረንዳቸው ላይ ከሰል የሚያነዱባት ትንሽ የብረት ምድጃ ነበረቻቸው። ፀሐይ ወደ ሮኪ ተራሮች ስታዘነብል ያቀጣጥሏታል፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ስኳር ድንች አመዱ ውስጥ ይቀብራሉ። በአፓርትመንቱ ደንብ ግን በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው።

«አባባ፣ ማኔጀሩ ካየ እኮ እኛንም ጭምር ነው የሚያስወጣን!» ትላለች እናቴ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች።

«ማኔጀሩም ስኳር ድንች ይወዳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር፤ አንድ ቀን ሊቆጣ የመጣው ማኔጀር ትኩስ ድንች በናፕኪን ጠቅልሎ፣ ጣቶቹን እየላሰ ወርዷል።

ጨዋታችን የተጀመረው በዚያ ፍም አጠገብ ነው። «ሆምወርክሽን ፊኒሽ ሳታደርጊ እንቆቅልሽ የለም» የሚለው የእናቴ ሕግ ስለነበር ጨርሼ ወጣሁና የማውቀውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ጠየቅኳቸው። «እንቆቅልህ» ብዬ ስጀምር እናቴ ከወጥ ቤት «ለትልቅ ሰው እንቆቅልህ አይባልም!» ብላ ጮኸች። ታዲያ ምን ይባላል ስላት እሷም ጠፋባት። ለማንኛውም የመጀመሪያው እንቆቅልሼ ይኸ ነበር፦ ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፣ ቤቱ ግን አይደርስም። አባባ ፒዮ ዓይናቸውን ጨፍነው «ወንዝ» አሉ። በጣም ተናደድኩ። ቀጥዬ፣ በትንሽ ቤት ውስጥ የታጎሩ ነጫጭ በጎች ምንድን ናቸው ስላቸው ግን አላወቁትም።

«አገር ይስጡኝ!» አልኳቸው፣ እናቴ እንዳረመችኝ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ከት ብለው ሳቁ። «የእኔ አገር ለሁለት ተከፍሏል። የትኛውን ግማሽ ልስጥሽ?»

«ትልቁን።»

ቡሳን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሰጡኝ። የበጎቹ መልስ ጥርስ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ «የእኔ በጎች ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድሩት» ብለው ጥርሳቸውን አውልቀው አሳዩኝ። እናቴ ሳህን ይዛ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች።

ችግሩ ቡሳን ሄጄ የምበላውን አለማወቄ ነው። የማያውቁት አገር ሄዶ መኩራራት አይቻልም። ስለዚህ ሳሸንፋቸው አገሩን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም መስጠት ግዴታቸው ሆነ፤ አባባ ፒዮ ሕይወታቸውን የተረኩልኝ በዚህ መንገድ ነው፣ በተሸነፉ ቁጥር አንድ አገር እየከፈሉ። ቡሳን ላይ ከእኔ ትንሽ ከፍ ያሉ የጦርነት ተፈናቃይ ልጅ ነበሩ፤ ከካርቶንና ከቆርቆሮ በተሠሩ ቤቶች መካከል ጋዜጣ እየጮሁ ይሸጣሉ፤ ግጥም የጀመሩት ያኔ ነው፣ ዜናው ደረቅ ሲሆንባቸው ከራሳቸው እየጨመሩበት። ሴኡል ላይ በአንድ ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀሙ ለኅትመት የሚደረድሩ ሠራተኛ ሆኑ፤ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን የሥራ ባልደረቦቻቸው በተረፈ ወረቀት አተሙላቸው፤ የተረፈው ወረቀት አንድ ዓይነት ስላልነበረ ገጹ ከፊሉ ሮዝ፣ ከፊሉ አረንጓዴ ነው። ኦሮራ መጥተው ላውንደሪ ከከፈቱ በኋላ ደግሞ መስመር ሲመጣላቸው የሸሚዝ መስቀያው ላይ በሚጠቀለለው ነጭ ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር፤ አንዳንዱ ወደ ደብተር ሳይገለብጡት ከነልብሱ ሄዷል። «ዴንቨር ውስጥ ግጥሜ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተንጠለጠለ፣ እሱ ግን የማያውቅ ሰው አለ» ይሉኝና ይደሰታሉ።

ሁሉም ታሪክ ግን ከቡሳን ነበር የሚጀምረው። ከቡሳን በፊትስ ስላቸው ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱና «እሱ አገር አይሰጥም» ይላሉ።

ለምን እንደማይሰጥ የነገሩኝ አንድ የበረዶ ቀን ነው። መንደራቸው በስተሰሜን፣ ዛሬ ሰው በማይሻገረው ድንበር ማዶ ነው። ከአጎታቸው ጋር ሲሸሹ እናታቸው እስከ ወንዙ ሸኝታ፣ የጫማቸውን ክር አጥብቃ አሠረችላቸውና «እስክትመለስ ድረስ ከየት እንደመጣህ ለማንም እንዳትናገር» አለቻቸው። ልጁ መሸሹ ከታወቀ እዚያ የቀሩት ይቀጣሉ፤ በደቡብ ደግሞ የሰሜን ሰው ነው ከተባለ እሱ ይጠረጠራል። ስለዚህ በአምስቱም መጻሕፍት ውስጥ ያች መንደር «ያ ቦታ» እንጂ ስም የላትም። አንድ ጊዜ ሴኡል ላይ የመንግሥት ሰዎች ጠርተው «ይኼ የምትናፍቀው ቦታ የት ነው?» ብለው ሲያፋጥጧቸው «የናፍቆት ቦታ ካርታ ላይ ይገኛል እንዴ?» ብለው ወጡ። እሑድ የሚመጡት እንግዶች የሚጠይቁትም ይኸንኑ ነበር፤ በደግነት ይጠይቃሉ፣ ግን አያገኙም።

ልጅ ነኝና እልህ ያዘኝ። ያን ክረምት እንቆቅልሽ ያልለመንኩት ሰው የለም፤ ሞንትቤሎ ያለችውን አክስቴን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ዘማሪዎች፣ የአባቴን የሥራ ጓደኞች። ባገኘሁት ሁሉ አባባ ፒዮን እየረታሁ ተራሮቻቸውን፣ ደሴቶቻቸውን፣ በመጨረሻ ጨረቃን ሳይቀር ወሰድኩባቸው። ያችን መንደር ግን አልሰጡኝም። አኩርፌ «እሷን ካልሰጡኝ አልጫወትም» ስል እናቴ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ተይ! ሰውዬውን አታስጨንቂያቸው። ጨዋታ ሲበዛ ጥሩ አይደለም» አለችኝ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ካሊፎርኒያ የምትኖረው ልጃቸው ልትወስዳቸው መሆኑን ሰማን። የመጨረሻው ቀን ቤቱ በካርቶን ተሞልቶ ነበር፤ መብራቱም ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ምድጃዋን ግን ለእኔ ብለው አላሸጓትም። ፍሙ አጠገብ ተቀመጥን። እናቴ ውስጥ ሆና መዝሙር እያንጎራጎረች የቀሩትን ሳህኖች ታጥባለች። እኔ አዲስ እንቆቅልሽ አልቆብኝ ነበር፤ እንባዬም ቀርቦ ነበር። ዝም ከማለት ብዬ የመጀመሪያውን ደገምኩት፦ ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፣ ቤቱ ግን አይደርስም።

አባባ ፒዮ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት።

«አላውቀውም» አሉ።

«ያውቁታል እንጂ! የመጀመሪያ ቀን ነግረውኛል!»

«ሽማግሌ ነኝ። ረሳሁት። አገር ጠይቂኝ።»

«አገር ይስጡኝ» አልኳቸው። ስሟን ተናገሩ። አጭር ስም ናት። ወዲያው ደግመው ተናገሩት፣ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው። እናቴ ቧንቧውን ዘጋች።

«ዝም ያልኩት እነሱን ላለማስነካት ነበር» አሉኝ። «አሁን እናቴን ማንም ሊያገኛት አይችልም። እኔም አልሄድም። አንቺ ግን አሸንፈሻል፣ መሄድ ትችያለሽ።»

ከዚያ በውስጡ ያለውን ሰጡኝ። ወንዙን የሚሻገሩባቸው ድንጋዮች፤ ከቤቱ ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ፤ የወጥ ቤቱ ጭስ በወለሉ ሥር እያለፈ ክፍሉን ሲያሞቀው፤ ውጭ በረዶ እየጣለ እነሱ ሞቃቱ ወለል ላይ ተቀምጠው የሚበሉት ቀዝቃዛ ኑድል፤ ሲመሽ ስማቸውን እየሳበች የምትጣራው እናታቸው። ሲጨርሱ «በይ ሂጂ» አሉኝ።

ተነሥቼ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ። የመንደሯን ስም ጠርቼ ሄጄ ምን አጥቼ አልኩ። በድንጋዮቹ ተሻገርኩ፣ ኮኩን በላሁ፣ ሞቃቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ኑድሉን ጨረስኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ልጅ ግን የት እንደሚቆም አያውቅም።

«እናትዎንም አገኘኋቸው» አልኩ። «ልጄ የት ነው አሉኝ። ኦሮራ ነው፣ ከእኛ በላይ ነው የሚኖረው አልኳቸው። በልቷል ወይ አሉኝ።»

አባባ ፒዮ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያጠፋሁ መስሎኝ ደንግጬ ወደ እናቴ ዞርኩ፤ እሷ እጇ እንደራሰ በረንዳው በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እሳቸው እንጨቱን አንሥተው አመዱ ውስጥ ፈለጉና ትልቁን ድንች አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«በልቷል በያት» አሉኝ።

ካሊፎርኒያ ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ። ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ስድስተኛውን ቀጭን መጽሐፍ በፖስታ ላከችልን። አብራኝ የምትሠራ ኮሪያዊት ስታነብልኝ፣ የመጨረሻው ግጥም ስለዚያች መንደር ሆኖ አገኘነው። አሁንም ስሟ የለም፤ ስሟን በእንቆቅልሽ ለረታችኝ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ የፈለገ እሷን ይጠይቅ ነው የሚለው። ብዙ ነገር ወርሰው የሚኮሩ ሰዎች አሉ። እኔ ይኼ ይበቃኛል፤ ኩራቴም ደስታዬም ነው፣ መደበቅ አልችልም። አንባቢም ስሙን እዚህ እጽፈዋለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ፣ ገና አልረታኝም።

ዛሬ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን እንኖራለን፤ በገዛ ጓሮዬ ከሰል ባነድድ የሚከለክለኝ የለም። እዚሁ የተወለደው ወንድ ልጄ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እንቆቅልሽ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ሲሸነፍ ዲዝኒላንድን ይሰጠኛል፣ ሲረታኝ ጎንደርን ይወስዳል። ባለፈው እሑድ ፀሐይ ስታዘነብል፣ ስኳር ድንቹ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ፣ የወንዙን እንቆቅልሽ ጠየቀኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«አላወቅኩትም» አልኩት።

«ማሚ! ዩ ኖው ዚስ ዋን!»

«ረሳሁት። አገር ጠይቀኝ።»

ጠየቀኝ። ስሟን በጆሮው ነገርኩት፤ በውስጧ ያለውንም ሁሉ፣ ድንጋዮቹን፣ ኮኩን፣ ሞቃቱን ወለል። ተነሣና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሄጄ ምን አጥቼ አለ፤ ኑድሉንም ጨረሰው።

«ሰው አገኘህ?» አልኩት።

«አንድ ሽማግሌ። እና እናታቸው።»

«ምን አሉህ?»

ትከሻውን ነቀነቀ።

«ናቲንግ» አለ። «እየበሉ ነበር።»