ከጉልቻው መሃል የበቀለው

ወንድሜ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሞተ። ለቡ፣ ቀለም ሲቀባ ከነበረበት ሕንፃ ወደቀ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

የምጽፈው ስለ ጓሯችን ነው። ቤታችን ፉሪ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የለቅሶው ድንኳን መንገድ ላይ ተተከለ፤ የዕድሩ ሴቶች ደግሞ ጓሮ ገብተው ሦስት ቦታ ጉልቻ ጎለቱ። ትልልቅ ድስት ተጣደ። ለቀስተኛው እስኪያልቅ እሳቱ አልጠፋም። ከዚያ ድንኳኑ ተነሣ፣ ድስቱም ወደ ዕድሩ ተመለሰ። ጉልቻው ግን እዚያው ቀረ። እናቴ ወደ ጓሮ መሄድ አቆመች። ልብስ እንኳ የምታሰጣው ደጅ ላይ ሆነ።

ክረምቱ ሲወጣ ጓሮውን አረም ውጦት ነበር። በጉልቻዎቹ መሃል ግን አንድም አረም የለም። እዚያ የበቀለው ሌላ ነገር ነው። መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ለስላሳ፣ በጣም የደመቀ አረንጓዴ። እሳቱ ከነደደበት አንድ ጣት እንኳ አላለፈም። ሦስት ክብ።

ትምህርት ቤት ሞስ ብለው ያስተማሩን ነገር መሆኑን አወቅኩ። ሞስ የትም አለ፤ ግንብ ላይም፣ ቦይ ዳርም። ይኼኛው ግን መስከረም መጨረሻ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ አገዳ አወጣ። በየአገዳው ጫፍ አንድ አንድ ራስ አለ። ሁሉም ራሱን ደፍቷል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አስታወሰኝ፤ ማስታወስ አልፈለግኩም ነበር።

የስልክ ካሜራ ላይ ጠብታ ውሃ ብታደርግ ያጎላል። ስልኩ የወንድሜ ነው። ፎቶ ላነሣ ተንበርክኬ ጠጋ አልኩ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ሲያቅተኝ ለቀቅኩት። ትንፋሼ የነካቸው ራሶች ዞሩ። ነፋስ አልነበረም። ነፋስ ቢሆን ይወዛወዙ ነበር። እነዚህ ግን ቀስ ብለው፣ ሰው እንደጠራቸው ሁሉ፣ ዞሩ። ተነሥቼ ቤት ገባሁ።

ፎቶውን ለድሮው የባዮሎጂ መምህሬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ጡረታ ወጥተው ጎፋ ነው የሚኖሩት፤ ስለ ለቅሶው አልሰሙም። መልሳቸው አንድ ጥያቄ ነበር።

"እዚያ ቦታ እሳት ነዶ ነበር?"

ምንም አልነገርኳቸውም እኮ። "አዎ" ብዬ ጻፍኩ፤ ስተነፍስባቸው እንደዞሩም ነገርኳቸው።

ፉናሪያ ይባላል አሉኝ። ተራ ሞስ ነው፣ ብዙ አገር አለ፣ የተቃጠለ መሬት ይወዳል። አገዳው ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል። "ትንፋሽህ እርጥብ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም" አሉ። ገባኝ። ከዚያ በኋላም ግን ወደ ጓሮ ስሄድ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ የመንፈቁ ዝግጅት ተጀመረ። አክስቴ ማገዶ አስመጥታ ጓሮ አስቆለለች። እሳቱ እዚያው ጉልቻ ላይ ሊነድ ነው። ጨነቀኝ። ከዚያ ቀን የቀረኝ ሞሱ ብቻ ነበር። ሁሉም ሰው በልቶ ሄዷል።

ስለዚህ አንደኛውን ክብ በቢላ አንሥቼ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ተከልኩት። ጥሩ አፈር፣ ከብት ካላቸው ጎረቤቶች ያመጣሁት ፍግ። ጠዋት ማታ አጠጣሁ። አክስቴ ብቅ አለች።

"የሰው ልጅ ዶሮ ያረባል፣ አንተ ሻጋታ ታረባለህ።"

"ሻጋታ አይደለም፣ አክስቴ።"

"እሺ፣ አባ ሻጋታ። በል ማገዶ ፍለጥልኝ።"

የጄሪካኑ ከዳሩ ጀምሮ ጠቆረ። ከዚያ ሸተተ። እኔ የተንከባከብኩት ሞተ፣ ማንም ያልነካቸው ሁለቱ ደህና ናቸው።

እናቴን እሳቱ ሌላ ቦታ ይሁን አልኳት።

"ለምን?"

እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ከለቅሶው ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ጎንበስ አለች፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ አየች። ስትተነፍስ ዞሩ።

ደግማ ተነፈሰችባቸው።

"እርጥበት ነው፣ እማዬ።"

"እርጥበት አይደለም መቼ አልኩ።" ቀና አላለችም። "ከየት መጣ ነው ያልከኝ?"

"ከእሳቱ። እሳት የነደደበት ላይ ነው የሚበቅለው።"

"ታዲያ እሳት ከልክለኸው ነው የምታኖረው?"

ጄሪካኑ እዚያው አጠገባችን ነበር።

በመንፈቁ ጠዋት እሳቱን ያያያዝኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ልታነድ መጥታ ነበር፤ እናቴ "ተይው፣ እሱ ያንድደው" አለቻት። ጭራሮውን ከመሃል አደረግኩ። ነበልባሉ ገና ዳር ሳይደርስ ሙቀቱ ደረሰ። ከዳር ያሉት ራሶች አንድ በአንድ መዞር ጀመሩ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ። ወደ እሳቱ ይሁን ወደ እኔ መለየት አልቻልኩም። አፌን አልሸፈንኩም።

እናቴ ድስቱን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

"ፈቀቅ በል፣ ልጣድ" አለችኝ።